ሙሽራው ያሰረው ፓምፕ

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ አስመራ ውስጥ፣ በሠርጌ ዕለት ነው። ሰው የሠርጉን ቀን ሲያነሳ ደስ ይለዋል፤ የእኔ ፊት ግን በሐፍረት በርበሬ ይመስላል።

ሥራዬ የናፍጣ ሞተር ጥገና ነበር። አማቼ አቦይ ወልዱ ደግሞ በምጽዋ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ልጃቸውን የፈቀዱልኝ፣ "በእጄ ያለፈ ሞተር ዳገት አይፈራም" ብዬ ስለፎከርኩ ነው።

በሠርጉ ዋዜማ እኔንና አጃቢዎቼን የምትወስደውን አውቶቡስ የናፍጣ ፓምፕ ፈትቼ አጸዳሁ። ሌላ ጊዜ ከመፍታቴ በፊት ቦታውን በመሮ ምልክት አደርግበታለሁ። ያን ቀን ግን ቸኩዬ፣ "ጆሮዬ ይበቃኛል" ብዬ ተውኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ከጎዳይፍ ስንነሳ ደህና ነበረች። የዓዲ ጓዕዳድ ዳገት ላይ ስንደርስ ነጭ ጭስ መትፋት ጀመረች፤ ጉልበቷም አለቀ። አጃቢው ወርዶ ከበሮውን እየመታ በእግሩ ቀጠለ። አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት እንኳን ቀደሙን።

ጥፋቴ ወዲያው ገባኝ። ፓምፑን ከቦታው ጥቂት አዙሬ ስላሰርኩት ናፍጣው የሚረጨው ዘግይቶ ነው፤ ጉልበቱም ነዳጁም በጭስ ይወጣል። ጣት ያህል መመለስ ብቻ ይበቃ ነበር። ልወርድ ስነሳ ሚዜዎቼ ጎትተው አስቀመጡኝ።

"ኣይፋልን! አይሆንም! ሙሽራ መፍቻ ይነካል እንዴ?"

በመስኮት አንገቴን አውጥቼ፣ መፍቻ ይዞ ፓምፑ ላይ ለጎነበሰው ለሹፌሩ ለጓደኛዬ ለተስፋይ "ወደ ግራ! ኧረ ወደ ቀኝ!" እያልኩ ጮህኩ። ጭራሽ ባሰባት።

በዚህ መሃል አቦይ ወልዱ የሞተሩ ድምፅ ዳገቱ አናት ላይ ካለው ቤታቸው ድረስ ተሰምቷቸው መጡ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ጣል አድርገው ጎንበስ አሉና ፓምፑን አስተካክለው አሰሩት። ሞተሩ ሲነሳ አገሩን አናጋው።

"መን እዩ ኣሲርዋ? ማን ነው እንዲህ ያሰረው?" አሉ።

አንገቴን ከመስኮቱ ወደ ውስጥ መለስኩ። ተስፋይ አየት አደረገኝና "ኣነ እየ አቦይ፣ እኔ ነኝ" አለ።

ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "ለእንዲህ ያለ ሰው ልጄን ከመስጠት ያዳነኝ አምላክ ይመስገን!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

አቦይ ወልዱ ካረፉ ከዓመታት በኋላ፣ ተስፋይን ጥፋቴን ለምን እንደተሸከመልኝ ጠየቅሁት። "ሠርግህ እንዳይበላሽ ነዋ" አለኝ። ቀጥሎም በዚያው ሳምንት የባለቤቴን ታናሽ እህት ለጋብቻ ሊጠይቅ ሽማግሌዎች አዘጋጅቶ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በየትኛው ፊቱ ይላካቸው?

እሱ ይቅር ብሎኛል። እኔ ግን ያን ዕለት አብሬ መሳቄ ዛሬም ያንገበግበኛል።