በረዶ ፍለጋ በሰመራ

ሰመራ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ፣ ጠዋት እንደ እናቴ የምወዳትን አለቃዬን ከሰዓት ዓይኗን ማየት ያስጠላኝ ነበር። መልቀቂያ እሰጣትና ሳትፈርምበት ሮጬ እቀማታለሁ። ከሥራ ስወጣ እቅማለሁ፤ ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሳኝ ደግሞ ለጨብሲ ብዬ ቢራ እደርብበታለሁ። በማግስቱ ያስቀየምኩትን ሁሉ እየዞርኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደግነቱ ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ዙሩ ቶሎ ያልቃል።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ቁርስ ቤት ያላት ታላቅ እህቴ አንድ ቀን በስልክ ስጮህባት ጊዜ ቤቷን ለጎረቤት ትታ መጣች።

«ወላሂ፣ ወይ ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ፣ ወይ እኔ እዚሁ ሰፍሬ እቀራለሁ።»

ከእሷ ጋር አንድ ክፍል መኖርን ሳስበው ሐኪም ቤቱ ቀለለኝ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ከደጋ የመጣች፣ ረጋ ብላ የምታወራ ሴት ነበረች። ገና እንደተቀመጥኩ አንቱታውን ትቼ «ዶክተር፣ በዓለም ላይ የሚረዳኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ» አልኳት።

«ገና እኮ ምንም አልነገርሽኝም» አለችኝ።

ስነግራት ከረምኩ። ችግሬ የስብዕና መታወክ እንደሚባል አስረዳችኝ። «ሰው ጥሎኝ ይሄዳል ብለሽ ስትፈሪ ስሜትሽ ይገነፍላል። እሱን ለማብረድ ትቅሚያለሽ፣ ትጠጫለሽ፤ እሱ ደግሞ ያብስብሻል። ስለዚህ ሁለቱን አብረን ነው የምናክመው።» ሲገነፍልብኝ፣ ቅዝቃዜው ሐሳቤን እስኪሰርቀው በረዶ እንድጨብጥ መከረችኝ። በረዶ! በሰመራ!

ለበዓል አገሯ ስትሄድ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። እኔ ግን የተዘጋውን በር ሳይ «ከዳችኝ» አልኩ። ወደ ጫት ተራ እየገሰገስኩ ለእህቴ ደወልኩ።

«ያቺ ሴትዮ ጥላኝ ሄደች!»

«በረዶ ያዢ!» አለች የነገርኳትን ምክር አስታውሳ፤ ከኋላዋ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ሻይ ሻይ ይላሉ። «እኔ እንቁላል ጥጃለሁ!» ብላ ዘጋችብኝ።

እያጉረመረምኩ መንገድ ዳር ካለው የወሎዬው ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ በረዶ የሆነ የውኃ ጠርሙስ አወጣልኝ፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ በሁለት እጄ ጨበጥኩት።

«ምን ሆነሽ ነው እህቴ?»

«ተናድጄ ነው።»

ፊቴን አየና «እንዲህስ ከሆነ አንድ አይበቃሽም» ብሎ ሌላ ጨመረልኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። በረዶው ሲቀልጥ ጠጣሁትና ቤቴ ገባሁ።

ባለሙያዋ ስትመለስ «አባርሬሽ ነበር፤ ኋላ መልሼ ቀጠርኩሽ» አልኳት።

«እንኳንም አልሰማሁ» ብላ ሳቀች። «በመሃል ግን ምን አደረግሽ?» ያን ቀን ስለዚያ መሃል ብቻ ስናወራ ዋልን።

ጫቱንም ቢራውንም በአንድ ጊዜ አልተውኩም። ስመለስበት እነግራታለሁ፤ ሳትቆጣኝ እንደገና እንጀምራለን። እየቆየ ሁለቱም ለቀቁኝ።

ለኢድ አዋሽ ስሄድ እህቴ የሠራሁትን ወጥ ቀምሳ «ጨው አብዝተሽበታል» አለችኝ። ድሮ ቢሆን ሻንጣዬን አንጠልጥዬ መናኸሪያ ነበርኩ። ወጣ ብዬ ጥላ ሥር ትንሽ ቆምኩ፤ ተመልሼ ቀመስኩት። እውነትም በዝቶበታል። ውኃ ጨምረንበት በላን።