አባቴን ምንጭ አይደሉም ያሉኝ ዕለት

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤተ ልሔም በምትባለው የገጠር ደብር፣ በቆሎ ተማሪዎች ጉባኤ ቤት፣ ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ በኋላ አንድ ነገር ለመኑኝ፤ «ስለዚህ ጉባኤ ቤት እዚያ ስልካችሁ ውስጥ ጻፍና ሳልሞት አንብብልኝ።»

መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ ቀላል መሰለኝ። ማንም ሊጽፍበት ይችላል በሚባለው የኢንተርኔት መዝገብ ላይ የነገሩኝን ሁሉ አሰፈርሁ። ተማሪው ድጓውን የትም ይማር የት፣ ቤተ ልሔም መጥቶ መምህሩ ፊት ተፈትኖ ካላስመሰከረ ሙሉ መምህር አይባልም። ምንጭ ጥቀስ ሲለኝ አባቴን፣ የአባቴን መምህርና የመምህራቸውን መምህር በተርታ ጻፍሁ። በእኛ ዘንድ ምስክር ማለት ይኸው ነው።

በማግስቱ ተሰርዟል። «አስተማማኝ ምንጭ የለውም» ይላል። እዚያው ላይ፣ በአማርኛ፣ ስለ አንድ አሜሪካዊ ኳስ ተጫዋች ውሻ ረጅም ጽሑፍ ተቀምጧል፤ የሚወደው ምግብ ሳይቀር። ምንጩ የአገሩ ጋዜጣ ነው። ውሻው ምስክር አላጣም፤ አባቴ አጡ።

ግትር ነኝና አልተውሁትም። ስፈልግ ስፈልግ አንድ አሜሪካዊ መንገደኛ በእንግሊዝኛ የጻፈውን አገኘሁ። ጉባኤ ቤቱን ሲያይ ያገሩ መዘምራን ትዝ ብለውት ኖሮ «ልጆች ለእሑድ መዝሙር የሚለማመዱበት ቤት» ብሎታል። ንዴቴን ውጬ ጽሑፌን መለስሁና እሱን ምንጭ አድርጌ ጠቀስሁ። አሁን የመዝገቡ አራሚዎች አልሰረዙትም፤ የአባቴን ቃል ሁሉ ቆርጠው የመንገደኛውን ብቻ አስቀሩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

ቤተ ልሔም ስሄድ አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«በል አንብብ» አሉኝ።

ልዋሻቸው አሰብሁ፤ አልሆነልኝም። ያለውን አነበብሁላቸው።

«ይኸን የጻፈው ሰውዬ ማን ፊት አስመሰከረ?»

«ማንም ፊት አላስመሰከረም፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ አጥፋው። ውሸት ከሚቀመጥ ጭራሽ ባይኖር ይሻላል።»

እዚያው አጠገባቸው ሆኜ ሰረዝሁት። ስልኩን ኪሴ ሳልከተው ጽሑፉ ተመልሶ መጣ፤ ከሥሩም ለእኔ ማስጠንቀቂያ አለ። ምንጭ ያለውን ጽሑፍ መሰረዝ ክልክል ነው ይላል።

«ጠፋልህ?» አሉኝ።

«ጠፋ» አልኋቸው።