ከመርከብ መሰላል ላይ የጣለኝ ጊያን-ባሬ

ጫማዬ ውስጥ አሸዋ የገባ መስሎኝ ነበር። አወለቅሁት፣ አራገፍሁት፣ ምንም የለም። መልሼ ሳደርገው አሸዋው እዚያው ነው። ሌላውን እግሬን አየሁ፤ እሱም እንደዚያው። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 የሚባል ሰፈር ባለው ሱቄ በር ላይ፣ የሽንኩርት ኬሻ ላይ ተቀምጬ ጣቶቼን ስዳስስ የሌላ ሰው ጣቶች መሰሉኝ። ከዚያ ቀደም ብሎ ተቅማጥ ክፉኛ ይዞኝ ለቆኝ ነበር። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ ብሎ ማን ያስባል?

ይህን የምጽፈው በሽታው ለያዛቸው ሰዎችና ለአስታማሚዎቻቸው ነው። ጊያን-ባሬ ሲንድረም ይባላል። ጀርምን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ነርቭን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም። አስተያየት የሚሰጥ ግን ሞልቶ!

ፋርማሲው ቫይታሚን ቢ ሸጠልኝ። ክሊኒክ ያየኝ ሐኪም ከወንበሩ ሳይነሣ «ድካም ነው ማዳም፤ ሙቀቱ ነው» አለኝ። ጎረቤቴ ስኳር ነው አለች። ታናሽ ወንድሜ ነጂብ ደግሞ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይዞ መጣ።

«አቦ ፈቲ፣ ብርድ ነው። ላሽሽ።»

ብርድ! በሐምሌ! በጅቡቲ! የመንገዱ አስፋልት ጫማ በሚያቀልጥበት ወር! አሸኝ፤ ምን ላድርግ። እሱ ባሸ ቁጥር ድንዛዜው ወደ ላይ ወጣ። በማግስቱ ቁርጭምጭሚቴ፣ ቀጥሎ ባቴ። ደረጃ ስወጣ ግድግዳ መያዝ ጀመርኩ።

ሥራዬን ካልነገርኳችሁ ቀጥሎ የሆነው አይገባችሁም። ፈትያ እባላለሁ፤ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ከሐረር ዙሪያ በመኪና የሚመጣውን አትክልት ፔካ 12 በሚሉት የከተማው መግቢያ ላይ ተቀብዬ ወደብ ለሚገቡ መርከቦች አቀርባለሁ። በዚያ ዘመን የቻይና የጦር መርከቦች ዘራፊ እንዳይነካቸው የንግድ መርከቦችን እያጀቡ፣ በመሃሉ ውሃና አትክልት ለመጫን ወደ ጅቡቲ ይመላለሱ ነበር። እዚህ የራሳቸውን የጦር ሰፈር ገና አልሠሩም ነበር። ጎመን ይወስዳሉ፤ የነጭ ሽንኩርት አወሳሰዳቸውማ የጉድ ነው።

ጥሩ ደንበኞች ናቸው። ግን ያበሳጩኛል። ልምምድ የሚሉት ነገር አላቸው። ደወል ይደወላል፤ ሁሉም ይሮጣል። እሳት በሌለበት የእሳት ልብስ ለብሰው ቱቦ ይጎትታሉ። አንዱ መርከበኛ የቆሰለ መስሎ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ቃሬዛ ላይ ጠፍረው በመርከቡ ወለል ባለች ጠባብ ቀዳዳ ወደ ታች ያወርዱታል። አለቀ ስል ሰዓት የያዘው መኮንን ራሱን ይነቀንቃል፤ ቁስለኛው እየሳቀ ተመልሶ ይተኛል፤ እንደገና! በዚህ ሁሉ መሃል የኔ ጎመን ፀሐይ ላይ ይጠወልጋል።

የወደቅሁ ዕለትም የአትክልት ናሙና ላሳይ የአንዱ መርከባቸው መሰላል ሥር ስደርስ አስቆሙኝ። በመሰላሉ ግርጌ፣ በመርከቡና በወደቡ ግንብ መካከል የሚወጠረው መረብ ተፈትቶ እንደገና እየታሰረ ነበር። ፈረንሳይኛ የሚችል ወጣት መኮንን ሄልሜት አቀበለኝ።

«መረቡ ሳይታሰር ማንም አይወጣም፣ ማዳም።»

«ቲማቲም ነው የያዝኩት እኮ፤ ገመድ ላይ ልሄድ አይደለም» አልኩት።

አልሳቀም። መርከበኞቹ አሰሩ። እሱ ሄዶ ቋጠሮዎቹን በእጁ ሳባቸው። አንዱን አስፈታና ደግመው እንዲያስሩት አደረገ። የማላውቀው ስድብ የለም፤ ሁሉንም በሆዴ አወረድኩበት። ከዚያ ወጣሁ።

መሃል ላይ ቀኝ ጉልበቴ ታጠፈ። አልተንሸራተትኩም። አልዞረብኝም። ዝም ብሎ ታጠፈ። ገመዱን ያዝኩ። እጄ አልያዘም። ሰማዩን አየሁ። ከዚያ መረቡ ውስጥ ነበርኩ። ከሥሬ ጥቁሩ ውሃ ነበር። ለመነሣት ሞከርኩ። እግሬ አልሰማኝም።

ደወል ተደወለ። ማንም አልጮኸም፤ ማንም ማንን አልጠየቀም። በዚያችው ቃሬዛ ጠፍረው ወደ መርከቡ አወጡኝ፣ በዚያችው ጠባብ ቀዳዳ አወረዱኝ።

የመርከቡ ሐኪም ሽበት የጀመረው ቀጭን ሰው ነው። አጥንቴን ዳሰሰ፤ አልተሰበረም። ጉልበቴን በትንሽ የጎማ መዶሻ መታ። እግሬ ንቅንቅ አላለም። ሌላውን መታ። ምንም። ፊቱ ተለወጠ። በመኮንኑ በኩል ሰሞኑን ተቅማጥ ነበረብኝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። በአንድ ትንፋሽ እስከምችለው እንድቆጥር አደረገኝ፤ ገና ከመጀመሬ ትንፋሼ አለቀ።

«አጥንትዎ ደህና ነው፤ ነርቭዎ ግን አይደለም» አለኝ። «ይህ ከእግር ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ የጡንቻ ድካም ነው። መተንፈሻዎ ጋ ሳይደርስ ሆስፒታል ይግቡ። ዛሬ። አሁን።»

«ጎመኑን ማን ይረከባል?» አልኩ።

መኮንኑ በታማኝነት ተረጎመለት። ሐኪሙ በቁጣ አንዲት ቃል ተናገረ። የምን ትርጉም ያስፈልጋታል፤ ገባኝ።

ሆስፒታል የተቀበለችኝ የነርቭ ሐኪም ዶክተር አይሻ የጅቡቲ ልጅ ናት። ከወገቤ በመርፌ ፈሳሽ ቀዳች፤ ፖንክሲዮን ሎምቤር ይሉታል። ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ተገኘ። «የመርከቡ ሐኪም የጠረጠረው ትክክል ነው» አለችን። መድኃኒቱ ኢሚዩኖግሎቡሊን በከተማው አልነበረም። ነጂብ ዘይቱን አስቀምጦ ስልክ ያዘ፤ ያላስቸገረው ዘመድ የለም፤ በአውሮፕላን አስመጣው።

እስከዚያው በሽታው አልጠበቀም።

እጄ ሄደ። መዋጥ ሄደ። ፊቴ ሄደ። ምራቄ ያንቀኝ ጀመር። ዶክተር አይሻ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። «ማዳም ፈትያ፣ ማሽን ይተነፍስልዎታል። አእምሮዎ ደህና ነው፤ ሁሉንም ይሰማሉ። ይመለሳሉ።» ቱቦ ገባ። ፈራሁ። ልናገር አልቻልኩም።

ያን ጊዜ የቀረኝ ዓይኔን ወደ ላይና ወደ ታች ማድረግ ብቻ ነው። ላይ ማለት አዎ፣ ታች ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው ንዴት ምን እንደሆነ ያወቅሁት። ሰው ሁሉ በላዬ ላይ ይነጋገራል። «ምስኪን፣ ታውቀን ይሆን?» ይላል፤ አውቃለሁ! አልጋዬ አጠገብ የቆመው ማራገቢያ ነፋስ ደግሞ አልከደን ያለ ዓይኔን እያደረቀ ያቃጥለኛል። አንድ ሰው ያን ነገር ቢያዞርልኝ ያለኝን ሁሉ በሰጠሁት።

ነጂብ ፊደል እየቆጠረ ሊያናግረኝ ወሰነ። ከሀ ጀመረ። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ… ወገኖቼ፣ ፊደላችን ስንት እንደሆነ የሚገባችሁ ማሽን ላይ ስትተኙ ነው! ልጽፍ ያሰብኩት «ዓይኔ» ነው። አ ላይ ሲደርስ ዓይኔን ወደ ላይ አደረግሁ። «የትኛው አ ነው?» አለኝ። በአላህ! ማን ግድ አለው የትኛው እንደሆነ!

በማግስቱ በፈረንሳይኛ ፊደል ሞከርን። ማራገቢያን እዚህ ቫንቲላተር ይሉታልና መጀመሪያዎቹን ፊደላት እንደ ምንም አስያዝኩት። ነጂብ ግን ስለ በሽታዬ ሲያነብ ያደረው መተንፈሻ ማሽን በእንግሊዝኛ ቬንቲሌተር እንደሚባል ነው። «ማሽኑ ተበላሽቷል! ልትሞትብኝ ነው!» እያለ በአማርኛ ጮኾ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ነርሷን አገኘና «ቫንቲላተር! ቫንቲላተር!» አላት። እሷም ተረጋግታ ገባች፤ ማራገቢያውን አየች፤ ወደ ግድግዳው አዞረችው። ዓይኔ ላይ ጠብታ አደረገችልኝና ሄደች። ነጂብ እኔን ያያል፣ ማራገቢያውን ያያል። ሳቅ ቢኖረኝ እስቅ ነበር።

መድኃኒቱ ከተሰጠኝ በኋላ መውደቁ ቆመ፤ መነሣቱ ግን በቶሎ አልመጣም። መጀመሪያ ትከሻዬ ተመለሰ፣ ከዚያ ትንፋሼ፣ እና ቱቦው በወጣ ዕለት ድምፅ ባልሆነ ድምፅ ነጂብን «ዘይቱን ድፋው» አልኩት፤ እሱም አለቀሰ፣ አይደፋም ብሎም ተከራከረኝ።

ከዚያ ኪኔ የሚሉት የእንቅስቃሴ ሕክምና መጣ፤ ማንኪያ ከሳህን እስከ አፌ ለማድረስ እንደ ጆንያ ተሸካሚ የማልብበት፣ ሁለት ብረቶች ይዤ ቆሜ ጉልበቴ እንደ ልጅ ሲንቀጠቀጥ የማየው፣ በርትቻለሁ ባልኩበት ቀን ደግሞ ባለሙያው «በቃ፣ ያርፋሉ» ብሎ የሚያስቆመኝ ረጅም ወራት። ነርቭ በቁጣ አይድንም፤ ሲደክም ከገፋችሁት ይብስበታል፤ ይህን የሚያህል ስድብ ለኔ ዓይነት ሰው አልተፈጠረም።

በዚያ መሃል መርከቡ ለስንቅ ተመልሶ ሲገባ ወጣቱ መኮንን ሊጠይቀኝ መጣ። ያን ቀን ቋጠሮውን ለምን ደግሞ እንዳሳሰረ ጠየቅሁት።

«ልክ አልነበረም» አለኝ፤ ሌላ ምን መልስ ይኖረዋል በሚል አስተያየት። ቀጥሎም በኔ ፈንታ ወንድሜ የላከው ነጭ ሽንኩርት ግማሹ የበሰበሰ መሆኑን በትሕትና አስታወቀኝ።

ዛሬ እሄዳለሁ፣ እሠራለሁ። ጣቶቼ ጫፍ ላይ ድንዛዜ ቀርቶብኛል፤ ሲደክመኝ ይብሳል። ለዚያ ሽበታም ሐኪም፣ ለመርከበኞቹ፣ ለዶክተር አይሻና ለነርሶቿ አላህ ጤና ይስጥልኝ። ለነጂብም፤ ከነዘይቱ።

ምክሬ ይህ ነው። ድንዛዜና ድካም ከሁለቱም እግር ተነሥቶ ወደ ላይ ከወጣ፣ በተለይ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ ከሆነ፣ ቤት አትቀመጡ። ትንፋሽ ወይም መዋጥ ከከበደ የሚጠበቅ ነገር የለም። ሐኪሙ ጉልበታችሁን ሳይመታ ድካም ነው ካላችሁ፣ ምቱልኝ በሉት፤ ይቆጣ። አስታማሚዎች፣ በሽተኛው ይሰማችኋል፤ እሱን አናግሩት። ዓይኑ የሚከደን መሆኑን እዩ። በአማርኛ ስታስጽፉ መጀመሪያ የፊደሉን ቤት ጠይቁ፣ ሀ፣ ለ፣ መ እያላችሁ፤ ቤቱ ከታወቀ በኋላ ብቻ ሁ ነው ሂ ነው በሉ። የትኛው አ እንደሆነ አትጠይቁ።

ሰሞኑን ዶክተር አይሻ ደወለችልኝ። ከአገር ቤት የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር በዚሁ በሽታ ማሽን ላይ ነው። ስደርስ ሚስቱና ዘመዶቹ አልጋውን ከበው ያለቅሳሉ፤ አንዱ እግሩን ያሻል። ሁሉንም አስወጣኋቸው፤ ሚስትየዋ ተቀይማኝ ወጣች።

«ፈትያ እባላለሁ» አልኩት። «እዚህ ተኝቼ ነበር። አሁን በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ዓይኑ ወደ እግሬ ወረደና ተመለሰ። ቤት ቤቱን እየጠራሁ ጀመርን። ቀስ ብሎ ነው፤ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው፤ ጠበቅሁት። ያመኛል ይለኛል፣ እሞታለሁ ወይ ይለኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ፊደሎቹን ገጣጠምኳቸው። «ሚስቴ ትብላ» ነው የሚለው።

ወጥቼ ነገርኳት። ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። «ከመጣን ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ማን ነገረው?» አለችኝ። ዳቦና ሻይ ገዝቼ አመጣሁላት፤ እሱ በሚያያት በኩል፣ በሩ ላይ ቆማ በላች።