ገዲማ የት ነው?

ማክሰኞ ንጋት፣ ጎባ

የጎባው አለቃ አጋፋሪ አጥራችን ጋ ቆሞ፣ «ልጃችሁን ለምለምን ለእሑድ አሰናዷት፤ ጌታው ቤት ትገባለች» አለ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ። አምና እዚያ ቤት ለአገልጋይነት የገባችው የጎረቤቴ ልጅ እስከዚያ ቀን አልወጣችም ነበር። ልጄ ገና ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ፈራሁ፤ ግን አልሰጣትም። ባሌ ለዘብ ተራው እንደ ወጣ በሶና አንድ ጥቅል መርፌ ቋጥሬ፣ ልጄን ይዤ ወጣሁ።

ቅቤ የምታመጣልኝ አዴ ሀሊማ፣ «ከተቸገርሽ ለገዲማ ነይ» ብላኝ ነበር። የጎባ ሰፈርተኛ አገሯን «ገዲማ» ይላታል። ከሮቤ ወዲያ በጎሮ በኩል መሆኑን ብቻ ነበር የማውቀው።

ማክሰኞ ቀትር፣ ሮቤ

ሜዳው ሁሉ ገብስ ነው፤ ነፋሱ ፊት ይልጣል። ለአንድ ቅል እርጎ ሁለት መርፌ ሰጠሁ። ባለ እርጎዋን «ገዲማ?» ብላት፣ እጇን ወደ ቆላው ዘርግታ «ገዲ! ገዲ!» አለች። ወረድን። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ብንወርድ ረግረግ እንጂ ቤት የለም። የለምለም እግር ቆሰለ።

«እማዬ፣ እንመለስ?»

«ወደ እሱ? ሞቼ!»

ጽድ ሥር ተቃቅፈን አደርን።

ረቡዕ ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ዳገቱን ወጥተን ከደሎ መና ማር ጭነው ወደ ጊኒር የሚያልፉ ሽማግሌ ነጋዴ አገኘን። አማርኛ ይችላሉ።

«አባቴ፣ ገዲማ የት ነው?»

«እንዲህ የሚባል አገር የለም።»

«የአዴ ሀሊማ፣ የባለ ቅቤዋ አገር።»

ሳቁ። «ለገ ዲማ በይ እንጂ! ለገ ወንዝ ነው፣ ዲማ ቀይ። ቀይ ወንዝ። ማነው ከለገ ላይ ‹ለ›ን የቆረጠው?»

«‹ለ› እንደ ለጎባ፣ እንደ ለሮቤ፣ ‹ወደ› ማለት መስሎን ነው... ‹ወደ ለገዲማ› አይባልማ። ሮቤ ላይ አንዲት ባለ እርጎም ‹ገዲ! ገዲ!› ብላ ወደ ቆላው ሰደደችን።»

«አገሩን ሙሉውን ወሰዳችሁ፣ ስሙን ግን ግማሹን። ‹ገዲማ› ያልሻት ሴትዮም ‹ገዲ›፣ ‹ወደ ታች› ያልሽ መስሏት ነው። የልጅሽ ስም ማነው?»

«ለምለም።»

«እኔም ምለም ልበላታ!»

ልጄ ከጎባ ከወጣን መጀመሪያ ሳቀች። በቅሎው ላይ አወጧት። ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ቃል አጥር እንዳለው፣ አጥሩንም ሰው እንደሚያፈርሰው ግን የነገሩኝ እኒህ ሰውዬ ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ለገ ዲማ

ወንዙ እውነትም ቀይ ነው። አዴ ሀሊማ ማታ ስንደርስ ምንም ሳትጠይቅ የለምለምን እግር በሞቀ ውሃ አጥባ ቅቤ ቀባችልን። ጠዋት የፈረስ ኮቴ ሰማን። ከጎተራው ጀርባ የልጄን አፍ በእጄ ይዤ ቆምሁ።

«ገዲማ የት ነው?» የአለቃው ፈረሰኞች ናቸው፤ ሁለት። ባሌም የነገራቸው ያንኑ ቁራጭ ስም ነው።

«ገዲማ የሚባል አገር የለም፣ ወላሂ!» አለች አዴ ሀሊማ። አልዋሸችም። ቀጥላም እጇን ወደ ቆላው ዘረጋች። «ገዲ ከሆነ ግን... በዚያ ነው።»

ኮቴው ወደ ታች ራቀ። ያ አለቃ አሁን ከአገሩ ተነሥቷል፤ ስለዚህ ይህን ሁሉ ሳልፈራ ጻፍሁት።

ያን ዕለት ግን እጄን ከልጄ አፍ አንሥቼ ያልኋት ይህን ብቻ ነው፤ «ደርሰናል። ደኅና ነን።»