በእንግሊዞች ቤት ቆመን የለመንናት ሙሽራ

የዚህ ጉዞ ምክንያት የእህቴ ልጅ ዳዊት ነው። ልጄን ልጠይቅ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራ ከተማ ከርሜ ሳለሁ፣ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ሆነው ኤልሳቤጥን ይጠይቁልኝ» አለኝ። ልጅቱ እሺ ካለች ቆይታለች። አባቷ አቶ ሙሉጌታ ግን የቀደሙትን ሽማግሌዎች «አስበን እንመልሳለን» ብለው ሸኝተው፣ ሳይመልሱ ወራት አለፉ። እኔ በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። አቶ ሙሉጌታ በጥገና ኃላፊነት የሚሠሩበት ሆቴል ቅዳሜ ስለማይለቃቸው፣ «እንግዶች ለቁርስ ሳይወርዱ እዚያው ይምጡ» የሚል መልእክት ላኩ።

አውሮራ፣ ጎህ ሲቀድ

ዳዊት ታክሲውን አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ሽቶ ረጭቶ ጠበቀኝ።

«ቆጣሪውን አጥፋው» አልኩት።

«እሺ ካሉልኝ አጠፋዋለሁ፣ ጋሼ!»

ግሌንዴል

ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ ታደሰ፣ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠሩ ጨዋታ አዋቂ፣ ከረባታቸውን አስረው ከአፓርታማቸው በር ቆመዋል። ሦስተኛውን ሰው ፈረቃ አስቀርቶታል።

«ጉልበቴን ዛሬ ይዞኛል። ንግግሩን አሳጥረህ ቶሎ አስቀምጠኝ» አሉኝ።

ከሴንቴኒያል በስተደቡብ

በስተቀኝ በረዶ ያልለቀቃቸው ተራሮች፣ በስተግራ አዳዲስ ቤቶች። ከዚያ ድንገት የጥድ ረድፍ፣ የጠጠር መንገድ፣ ሐረግ የወጣበት ድንጋይ ቤት፣ ቁጥራቸው የበዛ ጭስ ማውጫዎች። በብር ማዕድን የከበረ ሰው የእንግሊዝ መኳንንትን የገጠር ቤት አይቶ ቀንቶ ያሠራው ነው፤ ዛሬ ሆቴል ሆኗል።

እውነተኛውን አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ መሥሪያ ቤቴ ስለ መንግሥት ሕንፃዎች አስተዳደር እንድማር እንግሊዝ አገር ሲልከኝ፣ ያረፍኩት እንዲህ ባለ ቤት ነበር። ባለቤቶቹ ጣሪያውን ማሳደስ ቢያቅታቸው ሆቴል አድርገውታል። መታጠቢያው ከመኝታዬ ሩቅ፣ ኮሪደሩ ብርድ፣ ጣሪያው የሚያፈስ። የኮሎራዶው አያፈስም፤ አቶ ሙሉጌታ አሉለት።

ዳዊት መኪናውን ፓርክ አድርጎ እዚያው ቀረ። ሙሽራ ነኝ ባይ ከሽማግሌ ጋር አይገባም።

አዳራሹ

ጥቁር እንጨት የለበሰ ግድግዳ፣ የአጋዘን ራስ፣ የማናውቃቸው ሽማግሌዎች ሥዕል፤ በቀይ ገመድ የታጠሩ፣ ማንም እንዳይቀመጥባቸው የተከለከሉ የከፋይ ወንበሮች። አቶ ሙሉጌታ በሥራ ልብሳቸው፣ የቁልፍ ዘለላ ከወገባቸው እንደተንጠለጠለ መጡ።

«እንደምን አደራችሁ! ተቀመጡ እንጂ።»

«የመጣንበት ሳይሰማ፣ እሺም ሳይባል አንቀመጥም» አልኩ፣ እንደ ወጉ። ጉዳያችንንም አቀረብኩ።

«እንግዲህ... እንመካከርና...» ብለው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

አስተናጋጇ ሻይ ይዛ ገባች። ቆመን ብታይ ወንበር አመጣች፤ አመስግነን ቆምን። የተሻለ አመጣች፤ ቆምን። አቶ ታደሰ በአንድ እግራቸው ቆመው በጆሮዬ፣ «ይኼ ሰውዬ የከለከለን ልጁን ሳይሆን ወንበሩን ነው» አሉኝ።

አስተናጋጇ ደንግጣ ሥራ አስኪያጇን ጠራች። ሴትዮዋ ወንበሮቿን የናቅንባት መስሏት፣ ቀዩን ገመድ በገዛ እጇ ፈትታ ከከፋዩ ወንበሮች ላይ እንድንቀመጥ ጋበዘችን። አቶ ሙሉጌታ ክው አሉ፤ በዚያ ወንበር ላይ እሳቸው እንኳ ተቀምጠው አያውቁም። ምርጫ ስላጡ ለአለቃቸው በእንግሊዝኛ አስረዷት፦ እነዚህ ሰዎች ልጄን ሊጠይቁ መጥተዋል፤ እሺ ካላልኩ አይቀመጡም።

ሴትዮዋ እኛን አየች፣ የአቶ ታደሰን ጉልበት አየች፣ ከዚያ ወደ አቶ ሙሉጌታ ዞራ ጠየቀች፦

«ታዲያ መልስዎ ምንድን ነው?»

ወራት ሙሉ ያልጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ፊት ለፊት ግን ማንም አልጠየቃቸውም። አቶ ሙሉጌታ ስልካቸውን አውጥተው ሚስታቸው ጋር ደወሉ፤ አዳመጡ፤ «እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» አሉ። ስልኩን ዘጉና ሳቁ።

«ልጁ ጨዋ ነው፤ ከልጄ ስለሚለየኝ ነው የዘገየሁት። ሰጥተናል። በሉ ተቀመጡ!»

አቶ ታደሰ ቃሉ ሳያልቅ ከፋዩ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። እኔም በክብር ተቀመጥኩ። የኤልሳቤጥ ወላጆች ልጃቸውን ለዳዊት ለመስጠት የፈቀዱት፣ በሁለት ሽማግሌዎችና በአንዲት ሥራ አስኪያጅ ፊት፣ ቅዳሜ ግንቦት 18 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው።