ከተስቦ የተነሣሁበት ክረምት

ተስቦ ይዞኝ ሲለቀኝ ትኩሳቱ ሄደ፤ ጉልበቴ ግን አልተመለሰም። የአራዳ ገበያ ገና ጊዮርጊስ ሥር ይቆም በነበረበት ዘመን ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ፣ አቀበቱ ሥር በተከራየኋት ጎጆ ብቻዬን እኖር ነበር። ከባሌ ተፋትቼ፣ ቀሚስ እየጠለፍኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እሸጣለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ በሽታውን ፈርቶ ከደጄ ራቅ ብሎ ያልፍ ጀመር። እኔም ተኝቼ ራሴን እሰድባለሁ፤ «ሰነፍ! ተነሺ እንጂ!» እያልኩ።

ደጄን ያልሸሹ አንዲት ባልቴት ብቻ ነበሩ። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ፣ ከወሎ የመጡ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ጧት ጧት አጥሚት ይዘውልኝ ገብተው ከእግሬ ሥር ይቀመጣሉ።

«ዛሬስ ምን ሠራሽ?»

«ምንም።»

«ፊትሽን ታጥበሻል እኮ! አብሽሪ!»

አብሽሪ ማለታቸው አይዞሽ፣ በርቺ ነው። ግን ፊት መታጠብ ምኑ ያስመሰግናል? ሰው ሁሉ ሲሸሽ እሳቸው ምን ፈልገው ይመጣሉ? እያወሩኝ እንኳ ዓይናቸው እኔ ላይ አያርፍም፤ ግድግዳውን ይቃኛሉ፣ ምሰሶውን ይነካሉ፣ ጣራው የሚያፈስበትን ቀና ብለው ያያሉ። አንድ ቀን በግድግዳው ስንጥቅ አጮልቄ ሳይ፣ ከአከራዬ ጋር ቆመው በእጃቸው የኔን ጎጆ ያመለክታሉ። እሱም በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል።

በቃ ገባኝ። ሞቴን ነው የሚጠብቁት።

ከዚያ ወዲያ እሳቸው ሲወጡ አጥሚቱን እየደፋሁ፣ ድርቆሽ በውሃ አርሼ እበላ ጀመር። መርፌና ክሬን ትራሴ ሥር ደበቅኩ። ቆሜ ካዩኝ ተስፋ ይቆርጣሉ ብዬም በእልህ ተነሣሁ፤ ግድግዳ እየተደገፍኩ በሩ ድረስ ሄድኩ። ሴትዮዋ ሲያዩኝ እልል አሉ።

«ደጃፍ ለደረሰ ሰው እልል ይባላል?» አልኳቸው ተናድጄ።

«ትናንት የት ነበርሽ?» አሉኝ።

በማግሥቱ ቀሚስ ይዤ አንዲት ቅጠል ብቻ ጠለፍኩ። ጠማማ ወጣች። ልፈታት መቀስ ሳነሣ እጄን ያዙኝ።

«ተዪያት! የጎረቤት ልጅ ታማ ብትሠራው እንዲህ ትቆጪያታለሽ?»

«ኧረ አልቆጣትም።»

«ታዲያ በራስሽ ላይ ምነው ጨከንሽ?»

መቀሱን አስቀመጥኩት። ጥርጣሬው ግን ስላልለቀቀኝ አፍ አውጥቼ ጠየቅኳቸው።

«እውነቱን ይንገሩኝ። ይህን ቤት ይፈልጉታል?»

ይክዳሉ ብዬ ነበር።

«እፈልገው ነበር» አሉ። «እህቴ ከወሎ ትመጣለች፤ ማረፊያ የላትም። ከሞትሽ ለሌላ እንዳይሰጥብኝ ብዬ ለአከራይሽ ነግሬዋለሁ። እኔንም እዚህ አገር እንደገባሁ ይኸው ተስቦ ጥሎኝ ነበር። ጠያቂ አልነበረኝም። ውሃ ቀድቼ በተመለስኩ ቁጥር አብሽሪ የሚለኝ ባጣ፣ ራሴው ለራሴ እለው ነበር። ተኝተሽ ሳይሽ ያ ትዝ አለኝ። ቤቱንም ፈለግሁ፣ መዳንሽንም ፈለግሁ። ወላሂ፣ ሁለቱም እውነት ነው።»

ተናደድኩ፤ ከዚያ ሳቄ መጣ። ከታመምኩ ወዲህ መሳቄ የመጀመሪያዬ ነበር። ያን ዕለት አጥሚቱን ጠጣሁት፤ መጀመሪያ ግን አሽትቼው ነው።

ክረምቱ ሲወጣ እህታቸው መጣች፤ እሳቸው ግቢ ጥግ ላይ ጎጆ ተቀለሰላት። እኔም አንድ ቅዳሜ ቀሚሴን ታቅፌ ወደ ገበያ ስወጣ፣ አቀበቱ መሐል ጉልበቴ ከዳኝ። ድሮ ቢሆን ራሴን እየረገምኩ እጎተት ነበር። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በበቅሎ የሚያልፈውም በእግሩ የሚያልፈውም፣ በሽታዬ እንዳይጋባበት ነው መሰል፣ በጎሪጥ ያየኛል። ትንፋሼ እስኪመለስ አርፌ፣ ገበያ ሳልደርስ ወደ ቤቴ ወረድኩ።

ባልቴቷ አጥሩ ጋ ቆመዋል። «ምነው ቶሎ ተመለስሽ?» አሉኝ።

«እስከ አቀበቱ ግማሽ ወጥቻለሁ» አልኳቸው፣ ቀና ብዬ።

ገበያው የደረስኩት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው።