ምራት የምትባለው አካውንት

እትዬ ቁልፍ የሰው ወገብ ቁጥር ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም። ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሯን ወገብ ላይ ጠምጥማ መጋጠሚያው ላይ አውራ ጣቷን ታሳርፋለች፤ ከዚያ ትፈታና ጀርባዋን ሰጥታ መስኮቱ ጋ ሄዳ ታነባለች። አንዱ ባል ተከትሏት ሄዶ «ለመሆኑ የባለቤቴ ወገብ ስንት ደረሰ?» ቢላት፣ «ቀሚሷ ውስጥ የሚገባ ያህል» ብላዋለች። ቅጽል ስሟ የወጣላት ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስለምትተክል ብቻ እንዳልሆነ መንገዱ ሁሉ ያውቃል።

ሱቋ ከአንድ ፎቅ ቤት ሥር ናት። በግራዋ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ፊት ለፊቷ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከላይ ደግሞ የሦስቱም አከራይ ይኖራሉ፤ ሰው ሁሉ ጋሽ አከራይ ነው የሚላቸው። ሱቋ ውስጥ አንዲት የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ቆማለች። ራስ የላትም፣ እጅ የላትም፣ ያላት አንድ የብረት እግር ነው። እትዬ ቁልፍ «ምራቴ» ትላታለች፤ ወንድ ልጅ ግን የላትም።

«መልስ የማትሰጥ ምራት ካየሁ ይቺን ብቻ ነው» ትላለች።

«ራስ ቢኖራት አንድ ቀን አታድርልሽም ነበር» ይላል ባለቤቷ። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ከጥግ ወንበሩ አይነሳም፣ አስተያየት ግን አይጎድለውም።

ይቺ ሴት የደንበኞቿን ልክ የምታስቀምጠው ስልኳ ላይ ባለች ትንሽ አፕ ነው። ያሳያት ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ሰውየው መቀስ ከሚይዝበት ስልክ የሚነካካበት ጊዜ ይበልጣል፤ ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቶ ግማሹን የሚጠብቅ ደንበኛ እሱ ዘንድ ብርቅ አይደለም።

«ይኼ የአፕ መደብር ሌላ ነው እትዬ» አላት ያኔ። «ማን ነሽ አይልሽም። ውስጡ ያለው ፕሮግራም ሁሉ እንዴት እንደተሠራ ለማንም ክፍት ነው። ያወቀ ያየዋል፣ የቻለ ይጠግነዋል፣ የፈለገ በነፃ ይወስደዋል።»

«ገበር እንደሌለው ኮት በለኛ። ገልብጬ ስፌቱን አያለሁ።»

«እንደሱ።»

ስፌቱን የማይደብቅ ነገር እሷ ዘንድ ክብር አለው። ወሰደችው፣ ለመደችው፣ የመንደሩን ወገብ ሁሉ አስገባችበት። አንድ ቀን ታዲያ ስልኳ ከኪሷ ተንሸራቶ ጨርቅ የሚነከርበት ባልዲ ውስጥ ገባ። የልኮቹ ቅጂ በሚሞሪ ካርድ ላይ ስለነበረ አልጠፋም። ያንን የምትከፍተው ግን ያቺው አፕ ብቻ ናት። ስልክ ተገዛ፣ የአፕ መደብሩ ተከፈተ፤ አሁን ግን በሩ ላይ ዘበኛ ተገትሯል። አካውንት ይክፈቱ። ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ የፊት ፎቶ። ለደህንነትዎ ሲባል።

እዚህ ላይ ልናገር፣ አለዚያ ያንቀኛል። «ለደህንነትዎ ሲባል» የሚል ነገር ባነበብኩ ቁጥር ኪሴን እዳብሳለሁ። መርፌ ልግዛ ብሎ የገባን ሰው «ቆይ፣ መጀመሪያ የተወለድክበት ቀን» የሚል ባለሱቅ ቢኖር አገር በሳቅ ይፈርስ ነበር። ስልክ ላይ ሲሆን ግን ሁላችንም እንደ በግ አንገታችንን ሰጥተን እንጽፋለን። ያውም የትኛው መደብር? «እኛ የምንደብቀው የለም፣ ከእናንተም የምንፈልገው የለም» ብሎ የተነሳው። ማን አስገደዳችሁ? ስፌቱን የማይደብቅ አንድ ነፃ ቤት ነበረን፣ እሱንም መታወቂያ ካላሳያችሁ አትገቡም አላችሁ። እትዬ ቁልፍ ከእኔ ባጭሩ አስቀምጣዋለች፦

«ልብሱን ገልብጠሽ እይ ይሉኛል። መጀመሪያ ግን አንቺን ገልብጠን እንይሽ ነው የሚሉት።»

ዘግታ እንዳትተወው የአንድ ሆቴል ሠራተኞች የደንብ ልብስ ጠረጴዛዋ ላይ ተከምሯል፤ ልካቸው ያለው ካርዱ ውስጥ ነው። «ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት አንዱን ግባ በሉት» አለችና ተቀመጠች።

ስሟን ግን አልሰጠችም። የልደት ቀኗንማ ባሏም አያውቀው።

«እኔ ከተጋባን ጀምሮ ለምኜ ያጣሁትን ለስልክ ልትሰጪው ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ማን ይሰጠዋል?» ስም በሚለው ቦታ «ምራት» ብላ ጻፈች። የልደት ቀን ሲል አሻንጉሊቷ የተገዛችበትን ቀን። ስልክ ቁጥር ሲል ሾፌሩ ማንም የማይደውልበትን ሁለተኛ ሲሙን ለገሰ። የፊት ፎቶ ላይ ሁሉም ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ደረቱን ነፍቶ «የእኔን አድርጉት» ብሎ ካሜራው ፊት ቆመ። ስልኩ «ፊት አልተገኘም» አለ። ተጠግቶ ቆመ። «ፊት አልተገኘም።»

«ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ቆመህ እስከ ዛሬ አልነገረህም?» አለው ሾፌሩ።

እትዬ ቁልፍ ትንሽ ትራስ በቁርጥራጭ ጨርቅ ሞላች፤ ሁለት ጥቁር ቁልፍ ዓይን፣ በቀይ ክር አፍ ሠራችለት፤ አሻንጉሊቷ አንገት ላይ ሰካችና ፎቶ አነሳች። ስልኩ አላመነታም። «እናመሰግናለን ምራት። በጣም ጥሩ ፎቶ ነው።»

ልኮቹ ተከፈቱ፣ የሆቴሉ ልብስ ተሰፍቶ በሰዓቱ ሄደ። እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን የእትዬ ቁልፍ ንዴት ቸር ነው። ለሰማም ላልሰማም የይለፍ ቃሉን በጆሮው ነገረችው። «ስማችሁን እንዳትሰጡ። ምራቴ ለሁላችሁም ትበቃለች።» መንገዱ በሙሉ በምራት እየገባ የፈለገውን ወሰደ። ማንም ስሙን አልሰጠም፤ ሁሉም ኮራ። ምስጢራችንን እንጠብቅ ብለን ሁላችንም እጃችንን አንድ ኪስ ውስጥ መክተታችንን ያስተዋለ አልነበረም።

ያስተዋለው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ እሱም ዘግይቶ። መደብሩ ለካ ለእያንዳንዱ አካውንት ገጽ ከፍቶለታል። ማንም ገብቶ ያየዋል። የእትዬ ቁልፍ ሱቅ ሰው በሞላበት ሰዓት ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከላይ የትራሷ ፊት፣ ከሥሯ «ምራት የምትወዳቸው» ይላል። ማንኮራፋት መቅጃ። ዳንስ ለጀማሪዎች፣ በቤት ውስጥ። ለሚሳሳ ፀጉር ሃያ መላ። ፊደል ልቁጠር፣ ለልጆች።

«ማንኮራፋቱ የእኔ አይደለም» አለ ሾፌሩ ሳይጠየቅ። «የጫንኩት የሷን ልቀዳባት ነው።»

«ሃያ መላ የማን ይሆን?» አለ አንድ ደንበኛ፣ ኮፍያውን ከራሱ አውልቆ የማያውቀውን ፀጉር አስተካካይ እያየ።

ዳንሱ ላይ ሁሉም ወደ ጣሪያው ቀና አለ። እዚያው የቆሙት ጋሽ አከራይ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ከሰዓት በኋላ ከፎቁ ወለል ድብ ድብ የሚል ድምፅ እየመጣ የእትዬ ቁልፍ ጨርቅ ላይ ኖራ ሲረግፍ ከርሟል።

«ተዉት እሱን» አሉ ጋሽ አከራይ፣ የራሳቸው ጉድ ሲነካ የሰው ጉድ እያሳዩ። «ይልቅ እዚህ መንገድ ላይ ትንሽ ልጅ ያለው አለ? የለም። እንግዲያ ከመካከላችን ፊደል ያልቆጠረ አለ ማለት ነው። ጨዋታ እንፍጠር። ነገ ጠዋት ጋዜጣ ይዤ እመጣለሁ፣ ሁሉም አንድ አንድ መስመር ያነብልኛል። ያላነበበ ለሁላችንም ዳቦ ይገዛል።»

ሱቁ ሳቀ። ዳቦ ጋጋሪዋም ሳቀች። ከደቂቃ በኋላ ግን ከግራ በኩል የተቃጠለ ዳቦ ሸተተ፤ ያቺ ሴት እድሜዋን ሙሉ አንድ ዳቦ አቃጥላ አታውቅም።

ፊደል ቆጠራው የማን እንደሆነ የምታውቅ እትዬ ቁልፍ ብቻ ነበረች። አፑን የጫነችላት እሷ ናት፣ ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ። ዳቦ ጋጋሪዋ ጆንያ ላይ የተጻፈውን ለሰው የምታስነብበው ሁልጊዜ «መነጽሬን ረስቼ» እያለች ነው፤ መነጽር ኖሯት አያውቅም።

አመሻሹ ላይ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

«ቁልፌ፣ የስንቱን ወገብ ደብቀሽ እኔን አወጣሽኝ።»

«እኔ ባፌ አልተናገርኩም እቱ።»

«በአፍሽማ አይደለም። በምራትሽ ነው።» ወንበር ብትሰጣት አልተቀመጠችም። «ነገ ሱቅ አልከፍትም። ከነገ ወዲያም እንጃ። ደጄ ላይ ሰው ይዞኝ፣ አንብቢ ቢለኝ የት እገባለሁ?»

ሰው እትዬ ቁልፍ ዘንድ መጥቶ ልብሱን የሚያወልቀው አምኗት ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ ሄዳ ከቀረች ያ አለቀ።

«አካውንቱን አጥፉልኝ» አለች እትዬ ቁልፍ።

ፀጉር አስተካካዩ ተጠራ። መደብሩ፣ ሲያስገባ አሻንጉሊት ያልከለከለው፣ ሲያስወጣ ጠንቃቃ ሆነ። ለመሰረዝ ካሜራውን ይመልከቱ፣ ወደ ቀኝ ይዙሩ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ፈገግ ይበሉ። ምራትን በብረት እግሯ አዞሯት፤ እግሯ ዝጎ ኖሮ እንደ በር ሲጢጥ አለ። ዓይን ለመጨፈን ፀጉር አስተካካዩ ከኋላዋ ተደብቆ ሁለት እራፊ እንደ ዓይን ቆብ በክር ወደታች ይጎትታል፤ ግራው ሲከደን ቀኙ ይገለጣል።

«እየጠቀሰችኝ ነው» አለ ሾፌሩ። «በስተርጅና ከምራቴ ጋር ስሜ ሊነሳ ነው።»

«አርፈህ ስልኩን ያዝ።»

ክሩን ሳብ ሲያደርጉት የምራት ራስ ተነቅሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። ስልኩ ትንሽ አሰበ። «በጣም ፈጥነው ዞሩ። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።»

«አንገቷ ተቀንጥሶ ወድቆ ፈጠንሽ ይላታል» አለ ሾፌሩ። በዚህ እትዬ ቁልፍም ሳቀች። እየሳቀች ግን ዓይኗ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ላይ ነበር፤ ሆዷ ገፋ ብሎ ለማንም ሳትናገር ልታቆየው የፈለገች ሴት ያዘዘችው፣ ከትከሻው ጀምሮ እንደ ድንኳን የሚወርድ።

«ጅሎች ነን» አለች። «ወገብ በጠባብ ልብስ ተደብቆ ያውቃል? ሰፊ ነው የሚለበስለት። ስልካችሁን አምጡ። ያገኛችሁትን ሁሉ በምራት እየገባችሁ ውሰዱ። ፊደል ቆጠራውን ደግሞ እያንዳንዳችሁ በየስልካችሁ ጫኑት። ለሰፈሩም ንገሩ።»

መንገዱ ሥራ ፈቶ ተያያዘው። ሾፌሩ የእርግዝና መከታተያ ወሰደ፤ በሁለተኛ ሲሙ «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል መልእክት ሲመጣለት አንብቦ ለሁሉም አሳየ። ፀጉር አስተካካዩ ንብ ማነብና የመርከብ መንዳት ጫነ። ምራት የማትወደው ነገር ጠፋ፤ ገጿን ወደታች እየገፋ መጨረሻውን ያገኘ የለም። የቀሩት ጋሽ አከራይ ናቸው፤ ጋዜጣቸውን ገዝተዋል።

እትዬ ቁልፍ ፎቁን ወጣች። ሳሎናቸው ውስጥ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል።

«ጋሽዬ፣ የኔ ኮርኒስ ኖራው ለምን እንደሚረግፍ ጠይቄዎት አላውቅም።»

ጋሽ አከራይ ወንበሮቹን አዩ፣ ከዘራቸውን አዩ። «ቤቱ አርጅቷል።»

«እኔም እንደሱ ነው የምለው። ነገ ግን ሰው ጋዜጣ ይነበብ ካለ፣ ከዚያ ደግሞ ሁሉም አንድ ዙር ይደንስ ሊል ነው። ጨዋታ አይደል?»

ጋሽ አከራይ አንዱን ወንበር ከግድግዳው ሳብ አደረጉ። «ለነገሩ ጋዜጣውን ረስቼ ዱቄት... ምን ነበር፣ ሻይ ደፋሁበት» አሉ። ጋዜጣው ከፊታቸው ንጹህ እንደሆነ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እትዬ ቁልፍ አላየችውም። ደረጃውን ልትወርድ ስትል ጠሯት። «ያ የልጆቹ ነገር፣ እንዴት ነው የሚጫነው?»

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪዋ የመጣችው ሱቋን ልትከፍት አልነበረም፤ የተረፈ ዱቄቷን ልትወስድ ነው። መንገዱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ያ አፕ ለካ ድምፁ ሲከፈት ይናገራል። ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ «ሀ» ይላል፤ ከጥግ ወንበር «ለ» ይላል፤ ከማዶ «ጎበዝ» ብሎ ያጨበጭባል። አንዱ የሰማውን ሌላው ይቀበለዋል፣ የማን ስልክ ምን እንዳለ የሚለይ የለም። ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ሰውዬ «ገና "መ" ላይ ነህ እንዴ?» እያለ ከጎኑ ያለውን ይሳለቅበታል። ከፎቁ መስኮት ደግሞ «ተሳስተሃል፣ እንደገና ሞክር» የሚል የሴት ድምፅ ወረደ፤ ተከትሎም የጋሽ አከራይ፦ «ምኑን ነው የተሳሳትኩት፣ ያው "ሠ" አይደል?»

ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄቱን አልወሰደችም። ምድጃውን ለኮሰች። ሰው ሲሰለፍ ስልኳን ከጆንያው ጀርባ አወጣችና ዳቦው የሚደረደርበት ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት አስቀመጠችው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። በአንዱ ደንበኛና በሚቀጥለው መካከል ዱቄት በነካው ጣቷ ትጫናለች፣ ስልኩ ያጨበጭብላታል።

«አንድ ትኩስ» አላት ተራው የደረሰው ሰው።

«ቆይ፣ "ቀ"ን ልጨርስ» አለችው። ቆየላት።